ሰገነት ላይ የወጣው ድምፅ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ የምትኖር አክስቴን ልቀበል ጅቡቲ ከተማ ዳር ወዳለው የናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ነበር። ባቡሩ ስለዘገየ ጣቢያው ውስጥ እንግዳ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት ልጅ እግሯን ሻንጣዋ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ለራሷ ታንጎራጉራለች። ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ሰው እንዲሰማት ብላ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል። ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠች ሌላ ወጣት ስልኳን ቀስ ብላ አነሳችና ትቀርጻት ጀመር።

"ጠይቀሻታል?" አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምን ችግር አለው እትዬ? እንዴት እንደሚያምር አይሰሙም?" አለችኝ። በትሕትና ነው የመለሰችልኝ፤ ስልኩን ግን አላወረደችም።

ያምር ነበር። ባቡሩ መጣ፣ አክስቴ ማንጎ በተሞላ ዘንቢል ታጅባ ወረደች፣ ወደ ከተማም ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ዘመድ አዝማድ ስታወራኝ "እህ" እያልኩ ሰማሁ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። እኔም አንድ ጊዜ "ያምራል" ብዬ፣ በዚያ ብቻ ሁሉ ነገር የተፈቀደልኝ መስሎኝ ነበር።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ነው፤ አያቴን ከድሬዳዋ ያመጣው የባቡር ሥራ ነው፣ አባቴም እዚያው ጥገና ክፍል ውስጥ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛ እየተናገርን አደግን። ስቆጣ በየትኛው ቋንቋ እንደምቆጣ የሚወስነው ያስቆጣኝ ሰው ነበር።

የምሠራው ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ባለ ሳይበር ካፌ ነበር። ስምንት ኮምፒዩተር፣ ሁለት የስልክ ሳጥንና አንድ የሚያቃስት ቬንትሌተር ነበረን። ኢንተርኔቱ ያን ጊዜ እንዲህ እንደዛሬው አልነበረም። አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ጥቂት በጥቂት እስኪወርድ ድረስ ሻይ ታዞ፣ መጥቶ፣ ተጠጥቶ ያልቃል። ሰኔ ገብቶ ኸምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሳ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል፤ ሁላችንም በር ላይ ቆመን አደባባዩ ባዶ ሲሆን እናያለን።

ኢድሪስን ያወቅሁት እዚያ ነው። አፋር ነው፤ ኑሮው ከከተማው ዳር ባልባላ ከእናቱ ጋር ነበር። የፀጉር ቤትና የሱቅ ታፔላ ይስላል። አማርኛውን የተማረው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ሰላምታው ሁሉ ጎማ የፈነዳበት ሰው ሰላምታ ይመስል ነበር። ሳይበር የሚመጣው የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥራ ለማየት ነው። አንድ ቀን ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ፣ "ራሔል፣ በዚች ከተማ የሚያልፈውን ሰው አይተሻል? አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ በከሰል ግድግዳ ላይ ይስላል። ከዚያ ጀልባ ይሳፈራል፣ አለቀ። ሰውየው ይሂድ፣ ሥራው ግን ለምን አይቀርም?" አለኝ።

ሰገነት የተባለው የኢንተርኔት ገጻችን እንዲህ ተጀመረ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት አሮጌ ቤቶች ሰገነት ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ስለማይጠፋ ነው። የፊደላችን ነገር ገና አስቸጋሪ ስለነበር ኢድሪስ "ሰገነት" የሚለውን በብሩሽ ጽፎ እንደ ሥዕል አስገባው፤ ሌላውን አማርኛ በላቲን ፊደል፣ ያውም ኤ እና ኪው ቦታ በተለዋወጡበት የፈረንሳይ ኪቦርድ እንጽፍ ነበር። ከፊሉን የምንረዳው በግምት ነው። አለቃዬ ሙስዩ ዑስማን አንዳንዴ ከኋላዬ ቆመው፣ "ይኼ ሳይበር ነው እንጂ ሙዜ አይደለም" ይሉኛል፤ ሙዚየም ማለታቸው ነው። ግን ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት አይከለክሉንም ነበር።

ዓርብ ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እኛ ግቢ እንሰበሰባለን። እናቴ ሄል ያለበት የወተት ሻይ ታፈላለች፤ ኢድሪስ ከዳቦ ቤት ትኩስ ባገት ይዞ ይመጣል፣ በፉል እንበላለን። ክራር የሚመታ አንድ የወደብ ሠራተኛ ነበር፣ ሰርግ ላይ የሚጨፍሩ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ የቀሩት አላፊዎች ናቸው፤ አንድ ዓርብ መጥተው በሚቀጥለው የማይገኙ። ፎቶ ማስገባት ስለሚከብድ ኢድሪስ በእስክሪፕቶ ይስላቸዋል፤ ነጭና ጥቁር ሥዕል ቶሎ ይጫናል። ድምፅ ደግሞ በትንሽ ቴፕ ቀድተን፣ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አዛውረን፣ መብራት አይጥፋብን እያልን እናስገባለን። ቀስ በቀስ ከሌላ አገር ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። አንድ የአዲስ አበባ ሠዓሊ ነበር፣ አንዲት ስዊድን የምትኖር ተወዛዋዥ ነበረች። የፀጉር ቤት ታፔላ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም በሚል አንድ ወር ሙሉ ተከራከሩ። ኢድሪስ ያንን ክርክር ሲያነብ የነበረው ደስታ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው።

እታገኝ የመጣችው ከእነዚህ ዓርቦች ባንዱ ነው። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፋ በሠራተኛነት ትኖር ነበር። ከባቲ ነው የመጣችው፤ በመኪናም በእግርም። ባሕሩን ልትሻገር ወጥታ አብረዋት የነበሩት ሲሳፈሩ ስለታመመች ቀርታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ሦስት ዓርብ በር ላይ ቆማ አየችን፤ በአራተኛው እናቴ "ግቢ እንጂ ልጄ" አለቻት። ገባች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ አንጎራጎረች። ከዚያ እንጉርጉሮ ሁለት ስንኝ ብቻ አልረሳሁም፤

ባሕር ልሻገር ብዬ መጥቼ፣
ዳሩ ላይ ቀረሁ ድምፄን ሰጥቼ።

የወደብ ሠራተኛው ክራሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሊያጅባት እንኳ አልሞከረም። እናቴ ብርጭቆ መሰብሰቧን ተወች። በሚቀጥለው ዓርብ ቀዳናት፣ ኢድሪስም ሣላት፤ አፏ ገርበብ ብሎ፣ እጇ ጉንጯ ላይ።

"ይኼ የት ነው የሚሄደው?" አለችኝ ቴፑን እያየች።

"ዓለም ሁሉ ይሰማዋል" አልኳት በኩራት።

ሳቀች። "ዓለም እኔን የት ያውቀኛል" አለች።

ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ከሥዕሉ ሥር "እታገኝ፣ ከባቲ። ካርቲየ 2፣ ጅቡቲ" ብዬ ጻፍኩ። ስምዋን፣ አገሯን፣ ሰፈሯን። አንድ የጥበብ ሰው መታወቅ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ መታወቅ የማይፈልግ ሰው መኖሩ በሐሳቤ አልመጣም።

ሰገነት ላይ እንደ እሷ የተሰማ ሰው አልነበረም። የስዊድኗ ተወዛዋዥ "ሥራ ቦታ ሰምቼው አለቀስኩ" ብላ ጻፈች። ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ አጭር መልእክት መጣ። ጻፊው ደሴ የሚማር ተማሪ ነው፤ የሚጽፈው ግን ሌላ ሰው እየነገረው እንደሆነ ገልጿል። "አበጋዝ እባላለሁ። ይህች እህቴ ናት። ደህና ናት ወይ? የት እንዳለች ንገሩኝ" ይላል።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። የጠፋች እህት በእኛ ገጽ ተገኘች። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ደህና መሆኗን፣ ቤቷ ከእኛ ሁለት በር አልፎ እንደሆነ፣ ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ እንደምትመጣ፣ ቢመጣ ምኒልክ አደባባይ ጀርባ ያለውን ሳይበር ጠይቆ እንዲያገኘኝ ጻፍኩለት። ዓርብ ስትመጣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ወደ በሩ ሄጄ ነው የተቀበልኳት።

ሰምታኝ ስትጨርስ የግቢው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች።

"ሊያጋቡኝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የወጣሁት" አለች። "ሰውየው የእናቴ እኩያ ነው። ለእሱ ቃል የሰጠው አበጋዝ ነው። ስጠፋ ቃሉን አፈር አስገባሁበት። ይመጣል። አበጋዝን አታውቂውም፣ ይመጣል።" ቀና ብላ አየችኝና፣ "ራሔል፣ ምን አደረግሽኝ?" አለችኝ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሥዕሉንም ድምፁንም ከገጹ አጠፋን። እናቴ ከእታገኝ አሠሪዎች ጋር ተነጋግራ አስፈቀደችና ኢድሪስ ባልባላ እናቱ ዘንድ ወሰዳት። የኢድሪስ እናት አማርኛ አትችልም፣ እታገኝም አፋርኛዋ ከባቲ ገበያ የለቀመቻቸው ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ በእነዚያው ተግባቡ።

አበጋዝ በአሥረኛው ቀን መጣ። ጊዜው ከተማዋ ሱቋን ዘግታ፣ ጫቷን ይዛ ጥላ የምትፈልግበት ከሰዓት ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ አቧራው እስከ ቅንድቡ ነበር፤ በጭነት መኪና በጋላፊ ድንበር በኩል ነው የመጣው። የጠበቅሁት ግዙፍ፣ ቁጡ ሰው ነበር። የገባው ግን ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሠላሳ አምስት ያልሞላው ሰው ነው። ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የኢድሪስ ሥዕል ነው፤ ደሴ አትመውለታል።

"እህቴ፣ ራሔል የምትባለውን ፈልጌ ነበር" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ታውቂያታለሽ።"

ለአሥር ቀን የተለማመድኩትን ተናገርኩ። "አሁን እዚህ የለችም። ተሻግራለች። ባለፈው ሳምንት በኦቦክ በኩል በጀልባ ሄደች።"

ወረቀቱን አላነሳም። ጣቱን ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ አድርጎ ቆየ።

"ውኃ ይኖርሻል?" አለኝ በመጨረሻ። ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣና ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። "እናታችንን ምን ልበላት?" አለ። እኔን ይሁን ራሱን እንደጠየቀ አልገባኝም። ወረቀቱን በዚያው በፊቱ እጥፋት አጥፎ ወጣ። በመስኮት ሳየው አደባባዩን በፀሐይ መካከል ሲያቋርጥ ነበር፤ ጥላ ሥር ለመሄድ እንኳ አላሰበም።

እንዳሸነፍኩ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ሌላ ውሸት አጣሽ?" አለች። "ከተማ ቀየረች አትይም? አላውቅም አትይም? ስንቱ ጀልባ እንደሚሰምጥ እነሱ አገር አይሰማም? ለእናት 'ባሕር ገባች' ሲሏት የምትሰማው ምን እንደሆነ አታውቂም።"

ያኔ እናት አልነበርኩም። አላወቅኩም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት የገጹን መልእክቶች ስከፍት ያው የደሴ ተማሪ ጽፏል። የአበጋዝን ቃል እንዳለ ነበር ያስቀመጠው። "እህታችን በጀልባ ከተሳፈረች ወዲህ የሰማናት የለም። በዚያ ሰሞን የሰመጠ ጀልባ እንዳለ ሰው ነገረን። እናታችን ለቅሶ ተቀምጣለች። ከዚህ በፊት ደሴ ወስጃት ድምፅዋን አንድ ጊዜ ሰምታው ነበር። አሁን እንደገና ልሰማ ብላ ብትመጣ ከቦታው የለም አሉን። እባካችሁ ድምፁን መልሱልን። ከእሷ ሌላ የቀረን የለም።" ከሥሩ የባቲ አንድ ባለ ሱቅ ስልክ ቁጥር ነበር።

ሙስዩ ዑስማን ፊቴን አይተው ምንም ሳልላቸው "ሂጂ፣ ሳይበሩን እኔ እጠብቃለሁ" አሉኝ። ባልባላ ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። እታገኝ የኢድሪስ እናት ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። መልእክቱን በወረቀት ገልብጬው ስለነበር አነበብኩላት፤ እሷ ማንበብ አትችልም። እንድደግመው ጠየቀችኝ። በሁለተኛው ንባብ መሃል ላይ፣ እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ ልብስ ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች፣ "ደውዪልኝ" አለች።

"ከደወልሽ ያለሽበትን ያውቃል" አልኳት።

"ይወቅ።"

በማግሥቱ የመደወያ ሰዓቱን በተማሪው በኩል ተቀጣጠርን። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርናቸውም፤ ይህ ሁለተኛው ስሕተቴ ይሁን ሦስተኛው እንጃ። ከሳይበሩ ሁለት የስልክ ሳጥኖች ባንዱ ሁለታችንም ተጠጋግተን ገባን። የስልኩ ድምፅ ጎላ ያለ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። መጀመሪያ ባለ ሱቁ አነሳ፣ ከዚያ የአንዲት ሴት የደከመ ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"እማ፣ እኔ ነኝ። እታገኝ ነኝ።"

ከዚያ ሴትየዋ አጠገቧ ላለ ሰው ስትናገር ተሰማን። "ድምፁን መልሰው አግኝተውታል። ያ ደሴ የሰማሁት ነው።"

"እማ፣ የተቀዳው አይደለም፣ እኔ ነኝ።"

"ስታወራም ቀድተዋት ኖሯል" አለች እናትየው እያለቀሰች። "ነፍሷን ይማርልኝ፣ እንዲያው ያው እሷኑ..."

እታገኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ልትናገር ሞከረች፤ እናትየው ግን ከአጠገቧ ሰው ጋር እያወራች ታቋርጣታለች። በመጨረሻ እታገኝ እንባዋ እየወረደ ተናደደች። "ኧረ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲያወራ ዝም ብለሽ ስሚ፣ እማ። ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ።"

በዚያኛው ጫፍ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

"ይቺስ እሷ ናት" አለች እናትየው። "የተቀዳ ነገር አይቆጣም።"

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልጽፍም፤ አብዛኛው ቃል አልነበረውም። ወደ መጨረሻው አበጋዝ ስልኩን ተቀበለ። "ያ ነገር ቀርቷል" አላት። "ሰውየው ሌላ ካገባ ቆይቷል። እንኳን ነፍስሽ ተረፈች።" እታገኝ ወደ አገር ቤት እንደማትመለስ፣ ግን እንደምትደውል ነገረችው። "እሺ" አለ። ስለ እኔ ውሸት ምንም አላነሳም።

ከሳጥኑ ስንወጣ ላቅፋት ስል ወደ ኋላ አለች። እናቷ ለእሷ ለቅሶ ፀጉሯን ተላጭታ ነበርና፣ "የእናቴ ፀጉር እስኪያድግ አታናግሪኝ" አለችኝ። የምሯን ነው። ወደ አሠሪዎቿ ቤት ተመለሰች፣ ዓርብ ዓርብም እየመጣች ከሁሉም ጋር ትጫወታለች፤ እኔን ግን አታይም። እኔ ሻይ ሳቀርብላት ተቀብላ፣ ምስጋናውን ለእናቴ ታቀርባለች። አንድ ዓርብ፣ ወራት አልፈው፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ "ድምፁን መልሺው። ሰፈሬን ግን አውጪው" አለች። በዚሁ ታረቅን።

ከዚያ ወዲህ ሰገነት ላይ ማንንም ሳናወጣ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ ነበር፤ ያገኘው ኢድሪስ ነው። "ይሁን ትያለሽ?" ብለን አንጠይቅም፤ ለዚያ ሰው ሁሉ በይሉኝታ "ይሁን" ይላል። "ማን እንዳያይሽ ትፈልጊያለሽ?" ነበር የምንለው። ስንት ሰው እንደዚያ ተጠይቆ አቀርቅሮ እንዳሰበ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ክራር የሚመታው ሰውዬ እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ካወቅነው በኋላ፣ ክራር መምታቱን አባቱ እንዳይሰማ የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ።

ገጹ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ኢድሪስ ሥዕል ሊማር ፈረንሳይ ሄደ፤ እኔ አገባሁ፤ ገጹን ያኖረልን ድርጅትም ሥራውን ዘጋና ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ የታፔላው ክርክርም አብሮ ጠፋ። ለማስቀረት ብለን የጀመርነው ነገር እኛኑ ቀድሞን ሄደ። ይህ ድሮ ያስከፋኝ ነበር። አሁን ብዙም አያስከፋኝም። የስዊድኗ ተወዛዋዥና የአዲስ አበባው ሠዓሊ ዛሬም ይጻጻፋሉ፤ እኔንም አንዳንዴ ይጠይቁኛል።

እታገኝ ባሕሩን አልተሻገረችም። ሦስት ዓመት እዚሁ ቆይታ፣ የኢትዮጵያውያን ሰርግ ላይ እየዘፈነች፣ ኋላ ኮምቦልቻ ገብታ አንድ መካኒክ አገባች። ሦስት ልጆች አሏት። ከናጋድ በተመለስኩ ማታ ደወልኩላትና ይህን ታሪክ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኳት፤ ማን እንዳያየው እንደምትፈልግም ጠየቅኋት። "አሁን ማንም ይየው" አለችኝ። "ብቻ አበጋዝን ክፉ አድርገሽ እንዳትጽፊው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ከሞተ።"

መሞቱን አላወቅኩም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ጎትቶ ሊወስዳት ነው ወይስ "ያ ነገር ቀርቷል" ሊላት? እሷም አላወቀችም፤ በሕይወት እያለ ጠይቃው፣ "አሁን ምን ያደርግልሻል" ብሏት አልፏል። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ ልጠይቀው እችል ነበር። እሷን ሳልጠይቅ አወጣኋት፣ እሱን ሳልጠይቅ መለስኩት። ክፉ ሰው ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ደግ ነበር ብዬም መጻፍ አልችልም።